ለአራሷ ያሠራሁት የብረት ምድጃ

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከቤቱ ልጀምር። ያን ጊዜ የሃያ ሰባት ዓመት ጎልማሳ፣ ጎንደር ላይ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ጣሊያን ከተባረረ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ጥሎት ከሄደው የድንጋይ ቤት አንዱ በኪራይ ደርሶኝ ከሚስቴ ከትርንጎ ጋር እኖርበታለሁ። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ምድጃ ተሠርቶለታል፤ ጭሱ በግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ ከጣሪያ በላይ ይለቀቃል። በምድጃው አፍ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ የብረት ሣጥን ተሰክታለች፤ እንጨቱ የሚነደው እሷ ውስጥ ነው። ሁለት ፍልጥ ከጎረሰች ሌላ አይገባባትም።

ሣጥኗ ለእኔና ለትርንጎ ትበቃን ነበር። ያልበቃችው ለትርንጎ አባት፣ ለአማቴ ነው። አማቴ ከከተማው ደብሮች በአንዱ መሪጌታ ናቸው፤ ከዜማ በቀር የሚወዱት ነገር ቢኖር ልጃቸውን ነው፣ ከዲያብሎስ ቀጥሎ የሚጠሉት ደግሞ እኔን። ኮት መልበሴን አይወዱም፣ ዳዊት ሳልደግም ቢሮ መሄዴን አይወዱም፣ ቤቱንማ ጭራሽ አይወዱም። ትርንጎ ነፍሰ ጡር ስትሆን ወሯ ሐምሌ ላይ እንደሚገባ ሰሙና ሰው በተሰበሰበበት፣ «ልጄን ፈረንጅ በሠራው ድንጋይ ውስጥ በክረምት ልታሳርሳት ነው? ድንጋይ አራስ ይገድላል» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ያን ዕለት በልቤ ማልሁ፤ ያን ቤት እሳቸው ገብተው እስኪያልባቸው ድረስ አሞቀዋለሁ አልሁ። እንግዲህ ትልቅ ምድጃ ያሠራሁት ለሚስቴ ነው ብዬ ለብዙ ሰው ተናግሬአለሁ፤ እውነቱ ግን ለአማቴ ነው።

ብረት የሚያውቁት ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው በወለቃ መንደር ያሉ ሰዎች ናቸው። ማረሻውንም፣ ማጭዱንም፣ ገንቦውንም ከእነሱ እንገዛለን። ገዝተን ወደ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ ቡዳ ናቸው፣ ሰው ይበላሉ፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ እንላለን። እነሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይሉ ነበር፤ እኛ የምንጠራቸውን ስም እዚህ ላይ አልጽፈውም። እኔ ዘመናዊ ነኝ ባይ ስለነበርሁ በቡዳ አላምንም እላለሁ። አለማመኔን ግን የፈተነው ነገር አልነበረም።

ያናገርሁት ሰው ጀጃው ይባላል። ዕድሜው ካምሳ ያለፈ፣ ክንደ ደንዳና፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። አባቴ የሚሆን ሰው ሆኖ ሳለ እሱ አንቱ ሲለኝ እኔ አንተ እለዋለሁ፤ ወጉ እንዲያ ነበር። ቤቴ መጥቶ ምድጃውን በዘንግ ለካና ከተቃጠለ የጣሊያን ማኪና ከተነቀለ ወፍራም ብረት፣ የቀድሞዋን ሦስት እጥፍ የሚሆን ሣጥን ሠርቶ አመጣ። ሲገጥመው እጁን ወደ ጭስ መውጫው ሰድዶ እየዳበሰ ሁለት ነገር ነገረኝ። ይኸ ብዙ ይበላል፣ ብዙ የበላ ብዙ ይተነፍሳል፤ መተንፈሻው ግን የቀድሞው ጠባቡ ነው አለኝ። ስለዚህ እሳት እያለ በጭስ መውጫው ላይ ያለችውን ክዳን እንዳልዘጋ፣ ከመስኮቱ በላይ ያለችውንም የነፋስ ቀዳዳ እንዳልደፍን አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። እኔም ብረት እንጂ ምክር አላዘዝሁህም አልሁት። አንድ ጊዜ አየኝ፣ ዘንጉን አነሣና ሄደ።

ትርንጎ ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ወንድ ልጅ ተገላገለች። የአገራችን ሰው አራስን ከነፋስ እንዴት እንደሚጠብቅ ታውቃላችሁ። በር ይዘጋል፣ መስኮት ይጋረዳል፣ ብርሃን የሚገባበት ሽንቁር እንኳ ይወተፋል። መሪጌታ እስከ ክርስትናው ቀን አራስ ካለችበት ክፍል ስለማይገቡ በረንዳው ላይ ወንበር አስደርገው ይቀመጡና በበሩ ላይ ሆነው ያዛሉ። ውስጥ ሆና የምታስታምመው የትርንጎ እናት፣ አማቴ ናት። በሁለተኛው ቀን መሪጌታ ከመስኮቱ በላይ ያለችውን ቀዳዳ ከውጭ አይተው፣ በዚች በኩል ነፋስም ዓይንም ይገባል፣ ምነው ዝም አልህ አሉኝ። ጭቃ አቡክቼ፣ ጨርቅ ወትፌ ደፈንኋት። በአራተኛው ቀን ደግሞ ሣጥኑ እንጨቱን በላብኝ። የሐምሌ እንጨት እርጥብ ነው፣ ሙቀቱም በጭስ መውጫው በኩል እያመለጠ ነው ብዬ ክዳኗን ከግማሽ በላይ መለስኋት። እነሆ ክፍሉ ሞቀ። ጭስ የሚባል አልታየም፤ ፍሙ ብቻ ደም መስሎ ይታያል። መሪጌታን በር ላይ ጠርቼ፣ «እንግዲህ ይኸ ድንጋይ አራስ ይገድላል?» አልኋቸው። ወንበራቸውን ወደ ግቢው አዞሩ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ዓርብ ዕለት ትርንጎ ራሴን አለች። አማቴም ራሴን አለች። እኔም እዚያው ክፍል አድሬ ጠዋት ስነሣ ራሴን ወጋኝ፤ እንቅልፍ ማጣት ነው ብዬ ተውሁት። ቅዳሜ ሲነጋ ትርንጎ የበላችውን አስመለሳት፤ ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች፣ ስጠራት ግን አትመልስም። ልጁ ጡት ሲሰጡት አፉን አይከፍትም፤ ጨርቅ ሆኖ ተዘርግቷል። አማቴ ግድግዳ ተደግፋ ማልቀስ ጀመረች። መሪጌታ በረንዳው ላይ ሆነው ከሰሙ በኋላ፣ ሰሞኑን ከቤተሰብ ሌላ በዚህ ክፍል ማን ገባ ብለው ጠየቁ። ሌላ ማን ገብቶ? ጀጃው ነዋ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉ መሪጌታ። «በእጁ የሠራውን ብረት ራስጌዋ አስቀመጥህላት። ዓይኑ እዚያው ውስጥ ነው ያለ። ሂድና አምጣው፤ ከለበሰው ጨርቅ ተቀድዶ ካልታጠነችበት አትድንም።»

ያ በቡዳ አላምንም የሚለው ጸሐፊ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ኮቱን ለብሶ ወጣ። ከፍርድ ቤት ደጅ አንድ የማውቀው ፖሊስ ይዤ በዝናብ ወደ ወለቃ ገሠገሥሁ። መንገዱን ሙሉ በልቤ የማስበው ጀጃውን አንቄ ስይዘው ነበር። ብረት እንጂ ምክር አላዘዝሁህም ስለው ያየኝ አስተያየት ታወሰኝና፣ ያን ጊዜ ነው የበላት አልሁ። እንዲህ በቀላሉ ነው ሰው የሚያምነው። ማመን እንደሚያስፈልገኝ ያወቅሁት ሚስቴ ስትታመም ነው።

ሰንበታቸው ነበር። በቅዳሜ እሳት አይነኩም፣ መንገድ አይወጡም። ጀጃው ነጭ ለብሶ ከጸሎት ቤታቸው ደጅ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ቆሟል። ፖሊሱ ክንዱን ሊይዝ ሲል ወደ ኋላ ሸሸት አለ፤ ሌላ እምነት ያለው ሰው ሲነካቸው መርከስ ነው ብለው ውኃ ሳይታጠቡ ቤታቸው አይገቡም። ፖሊሱ ይህን ስለሚያውቅ ሆን ብሎ ጨበጠው። እኔም ያየሁትን እንዳላየሁ ሆንሁ።

ሚስቴን ልቀቅ አልሁት። ልጄን ልቀቅ አልሁት። ሌላም የማይነገር ነገር ጨመርሁበት። እስክጨርስ ጠበቀኝና ምናቸውን ነው የሚያማቸው አለ። ነገርሁት። አራሷን ብቻ ነው ወይ አለኝ። አማቴንም ራሷን እንደሚያማት ነገርሁት።

«አንተንስ?» አለ። አንቱ ማለቱን ትቶ ነበር።

«እኔንም ጠዋት ራሴን ሲወጋኝ ነበር።»

«አሁንስ?»

ራሴን ዳበስሁት። ሕመሙ የለም። መቼ እንደለቀቀኝ አላወቅሁም፤ ከከተማው እንደወጣሁ ሳይሆን አይቀርም።

«እንግዲያ በላኸን ያልኸኝ ሰው አጠገብ ቆመህ ነው የሚሻልህ?» አለ ጀጃው። «ክዳኗን ዘግተሃታል።»

ጥያቄ አልነበረም። ቀዳዳዪቱንም ደፍኛለሁ አልሁት። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ጀጃው ነጠላውን አጣፋና ከፖሊሱ ፊት መራመድ ጀመረ። ሰንበቱን ለእኔ ብሎ ያፈረሰ መስሎኝ ላመሰግነው ስል ዞሮም ሳያየኝ፣ «ለአንተ ብዬ አይደለም» አለ። «ሚስትህ ብትሞት ሳይመሽ መጥታችሁ ቤታችንን ታቃጥሉታላችሁ። አንተ እግር ካለህ ሩጥ።»

ሮጥሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ቤቴ ስደርስ ግቢው በዘመድ ሞልቷል። መሪጌታ በር ላይ ቆመው ሲደግሙ ደረስሁ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ ከበሩ ሥር የቀረው ሽንቁር እንኳ በጋቢ ተወትፏል። የጀጃው ጨርቅ እስኪመጣ ድረስ ብለው በገል ላይ ፍም አስገብተው ሥራ ሥር ያጤሱባታል። በር ክፈቱ አልሁ።

«አምጥተኸዋል?» አሉ መሪጌታ።

«እየመጣ ነው። በር ይከፈት። የሚገድላት አየሩ ነው፣ ምድጃው ነው፣ እኔ ነኝ።»

«ነፋስ ልታስገባባት ነው? በስድስት ቀኗ?» ብለው እጃቸውን ዘርግተው በሩ ላይ ቆሙ። ሽማግሌ ናቸው፣ አማቴ ናቸው፣ መሪጌታ ናቸው። ደረታቸውን ገፍቼ ጣልኋቸው። ዘመዶቻቸው ልብሴን ሲይዙት እየተቀደደብኝ በመስኮቱ በኩል ዞርሁና መስተዋቱን በድንጋይ ሰበርሁት። በዚያ ገብቼ አግዳሚውን አነሣሁ፣ በሩን በረገድሁት። አማቴ ከበሩ ሥር ወድቃለች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሙቀት ያንቃል። እሳቱን ላጥፋ ወይስ ክዳኗን ልክፈት ብዬ ስወዛወዝ ከግቢው በር አንድ ድምፅ መጣ።

«እሳቱን ተወው። መጀመሪያ ሰዎቹን አውጣ።»

ጀጃው ነው፤ ከኋላዬ እየሮጠ ሳይመጣ አልቀረም። ደጃፉን አልተሻገረም፤ እጁን በነጠላው ውስጥ አድርጎ ዝናብ ላይ ቆሟል። ልጁን አውጥቼ ለአንዲት ሴት ሰጠሁ። ትርንጎን በጋቢ ጠቅልዬ በረንዳው ላይ አስተኛኋት። አማቴን ሁለት ሰዎች ጎትተው አወጧት። የስድስት ቀን አራስ ነፋስ ላይ ተጥላ ያየ ሰው ሁሉ ፊቱን ሸፈነ። ያን ጊዜ ጀጃው ከሩቅ ሆኖ ሌላውን ነገረኝ፤ ክዳኗን ሙሉ ክፈት፣ የደፈንኸውን ንቀል፣ ሰው ተመልሶ አይግባ። የነገረኝን ሁሉ አደረግሁ። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር የቀረኝ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። መጀመሪያ ልጁ አለቀሰ፤ ቀጭን፣ የተቆጣ ልቅሶ። ቀጥሎ ትርንጎ በረደኝ አለች። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ አላፍርበትም።

የማፍርበት የሚቀጥለው ነው። ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ያየው ሌላ ነገር ነው። ቡዳው ተይዞ መጣ፣ ፊቷ ቆመ፣ ለቀቃት። አንዷ እልል አለች። መሪጌታ ልብሳቸውን እያራገፉ፣ «ባይመጣ ኖሮ አልቀው ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን እንዳሰቡት አይደለም። ጀጃው ዞሮ መሄድ ሲጀምር ከኋላ ድንጋይ ተወረወረ። ዞር ሲል ሁለተኛው ግንባሩን መታው። ቆሞ ወደ እኔ አየ። ልጄን ታቅፌ ነበር። የዘጋሁት እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። ስድስት ቃል አይሞላም። ዝም አልሁ።

ማክሰኞ ዕለት ወለቃ ወረድሁ። ጀጃው ግንባሩን በጨርቅ አስሮ ወናፍ ሥር ተቀምጧል። አያ ጀጃው አልሁት፣ አንቱ አልሁት፤ ገንዘብ አወጣሁ፣ በግ እንደማመጣም ነገርሁት። ገንዘቡን አላየውም።

«በግ አልፈልግም። የዘጋኸው አንተ መሆንህን ሰው በተሰበሰበበት ተናገር» አለኝ።

እሺ አልሁ። ግን ወኔ ከዳኝ፤ ዛሬ ነገ ስል አንድ ወር አለፈ። ሌት ተቀን ያስጨንቀኝ ጀመር። ደግሞ ከመሪጌታ ጋር ታርቀን ነበር፤ የገፋኋቸውን ይቅር ብለውኛል። ነገሩ እንዲያ ተዳፍኖ ቢቀር ለሁሉም ሸጋ ነበር፤ ለጀጃው ብቻ ካልሆነ። ከሁሉ የከፋው ግን የከተማው ሰው ከጀጃው ማረሻ መግዛት ማቆሙን መስማቴ ነው። የጸሐፊውን ሚስት በላ ያሉት ሰው ጋ ማን ይሄዳል?

የልጁ ክርስትና በአርባ ቀኑ ተነሣ። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፣ ዳሱ ሞልቶ፣ ጠላው ሲቀዳ ተነሣሁ። ቀዳዳዪቱን የደፈንሁት፣ ክዳኗን የዘጋሁት እኔ መሆኔን፣ ጀጃው አስቀድሞ እንደነገረኝ፣ ሚስቴንም ልጄንም ያዳናቸው እሱ መሆኑን አንድም ሳላስቀር ተናገርሁ። በድንጋይ ሲመታ ዝም ማለቴንም ጨመርሁ።

ስጨርስ የሚያፍሩ መስሎኝ ነበር። አንዲት አሮጊት ደረቷን ደቅታ፣ «ወይኔ ልጄን፣ እሱን ሳይለቀው ቀርቷል» አለች። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ያን ቀን አማቱን የገፋ፣ መስኮት የሰበረ በጤናው ነው ወይ አለ አንዱ። ጠዋት ጠዋት ጸበል ይጠመቅ አለ ሌላው። መሪጌታ መጥተው እጄን ያዙኝ፤ በዓይናቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ሐዘን እንጂ። የእኔን ቃል ቡዳው ነው የሚናገረው ብለው በእውነት አምነዋል። አይደለም ባልሁ ቁጥር ይብሱን ያዝኑልኛል። ጮኽሁ፤ መጮኼ ማስረጃ ሆነ። ዝም አልሁ፤ ዝምታዬም ማስረጃ ሆነ። ትርንጎ ብቻ ልጁን ታቅፋ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እሷንም ሲያዩአት ተጠቃቀሱ።

በማግሥቱ ቢሮ ስገባ ጓደኞቼ ወንበራቸውን ሸሸት አደረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፍርድ ቤት የተከሰሰ ሰው ሲምልና ሲገዘት ስሰማ እንደ ቀድሞው እስክሪብቶዬን ይዤ አላዛጋም። እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አንድ ሰው አጥፍቷል ብላችሁ ስትጨርሱ፣ ምን ቢላችሁ ታምኑት እንደነበር ራሳችሁን ጠይቁ። ምንም ቢለኝ አላምነውም ካላችሁ፣ እናንተም በር ዘግታችሁ እሳት እያነደዳችሁ ነው።

ወለቃ የተመለስሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ጀጃው ብረት እየቀጠቀጠ ነበር፤ መዶሻውን አላስቀመጠም። አያ ጀጃው፣ ተናገርሁ አልሁት።

«አመኑህ?»

«አላመኑኝም። እኔንም በልቶታል አሉ።»

ብረቱን ገልብጦ አየውና ወደ እሳቱ መለሰው።

«እንደማያምኑህ አውቃለሁ» አለ። «እንዲያምኑህ አልጠየቅሁህም። አንድ ቀን እውነት ተናግረህ የሚሰማህ አጥተህ እንድትውል ነው የጠየቅሁህ።»

ከዚያ በኋላ ቀና ብሎም አላየኝ። እኔም ጥቂት ቆሜ ወደ ከተማው ወጣሁ። ከወራት በኋላ የቢሮ ጓደኞቼ ወንበራቸውን መለሱልኝ። ለጀጃው ወንበሩን የመለሰለት ሰው ግን አላየሁም።